ለሜዳ ጨዋታ የራሴን የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ እንዴት አዘጋጀሁ

ቦርሳዬን ማዘጋጀት የጀመርኩት ከፋርማሲ ሳይሆን ከወረቀት ነው። ከጓደኞቼ ጋር እግር ኳስ፣ መረብ ኳስ፣ አንዳንዴም ፍሪዝቢ እንጫወታለን። ሜዳ ላይ ደጋግሜ ያየሁትን ጉዳት ሁሉ ጻፍኩ። የተጋጋጠ ጉልበት፣ ወለም ያለ ቁርጭምጭሚት፣ ኳስ የመታው ጣት፣ ነስር፣ ውኃ የቋጠረ ተረከዝ፣ የንብ ንድፊያ፣ የጭንቅላት ግጭት። ከእያንዳንዱ ጎን ደግሞ አንድ ጥያቄ አስቀመጥኩ፦ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እጄ ምን ይሠራል? ለዚህ መልስ የሆነ ዕቃ ገባ፣ ያልሆነው ቀረ።

ተሞልተው የሚሸጡትን ሳጥኖች ከፍቼ አይቻለሁ። አብዛኞቹ በትናንሽ ፕላስተር የተሞሉ ናቸው። ጎዙና ፋሻው ግን ጥቂት ነው። ሜዳ ላይ የወደቀ ሰው የሚላጠው ሰፋ ብሎ ነው፤ ትንሽ ፕላስተር ላብ ባለበት ቆዳ ላይ አይቆይም። ስለዚህ እኔ ጎዙን አበዛሁ፣ ፕላስተሩን ቀነስኩ። ጎዙን ለማያያዝ ጠንካራ የጨርቅ ፕላስተር አንድ ጥቅል ያዝኩ። ከመለጠፌ በፊት በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ቆዳ በደረቅ ጎዝ አብሳለሁ። ይህች ትንሽ ነገር ትልቅ ለውጥ ታመጣለች።

ለቁስል ዋናው መድኃኒት ንጹሕ ውኃ ነው። አልኮልም ሆነ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቁስል ውስጥ አላፈስም፤ ጤነኛውንም ሥጋ ስለሚጎዱ ማገገሙን ያዘገያሉ። ይልቅ የአንድ ትርፍ የውኃ ጠርሙስ ክዳን በመርፌ በስቼ ቦርሳው ውስጥ አስቀመጥኩ። ክዳኑን የሚጠጣ ውኃ በያዘ ጠርሙስ ላይ ገጥሜ ስጨምቀው፣ ቀጭን ግን ኃይል ያለው ውኃ አሸዋውን ጠርጎ ያወጣል። የቀረውን ጠጠር በወረንጦ እለቅማለሁ። ደም የሚፈስ ከሆነ ግን ከሁሉም በፊት መጫን ነው። ጎዙን ቁስሉ ላይ አድርጎ ወደ 10 ደቂቃ ያህል እጅን ሳያነሱ መጫን። በየመሃሉ "ቆመ ወይ?" ብሎ ገልጦ ማየት የረጋውን ደም ያነሳዋል። ጎዙ ከራሰ ሌላ እደርብበታለሁ እንጂ የመጀመሪያውን አላነሳም።

ወለምታ ላይ ብዙ አስቤያለሁ፤ በእኛ ጨዋታ በብዛት የሚያጋጥመው እሱ ነውና። እረፍት፣ በረዶ፣ ማሰርና እግርን ከፍ ማድረግ የሚለውን መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ እሱ ራሱ በረዶ ማገገምን ሊያዘገይ እንደሚችል ጽፏል። በረዶ ሕመም ያስታግሳል፣ ስለዚህ ከቦርሳው አላስወጣሁትም። ግን ቦታውን አሳነስኩት። ተጨምቆ የሚቀዘቅዝ አንድ ፓኬት ብቻ እይዛለሁ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ቢበዛ ለ20 ደቂቃ አደርገዋለሁ። የተረፈውን ቦታ ለላስቲክ ፋሻ ሰጠሁት። ፋሻውን ከጣቶቹ ሥር ጀምሬ ወደ ላይ እጠመጥማለሁ። ከዚያ ጣቶቹን አያለሁ። ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ ጠብቋል ማለት ነው፣ አላላዋለሁ። የተጎዳው ሰው አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሲነካ ካመመው ወደ ራጅ መሄድ አለበት። ፋሻ እዚህ ጋ አይበቃም።

ጣት ላይ በጣም የምጠነቀቀው ከጎታቾች ነው። ኳስ ጣቱን ሲመታው አንድ ሰው ሮጦ ይመጣና "ና ልሳብልህ" ይላል። እባካችሁ አትሳቡ። ስብራት ይሁን ውልቃት በዓይን አይለይም። ቀለበት ካለ እብጠቱ ሳይጀምር ይውለቅ። ከዚያ በመሃል ጎዝ አስገብቶ ከጎኑ ካለው ጣት ጋር በፕላስተር ማሰር ለጊዜው ይበቃል። የተጣመመ ከሆነ ደግሞ እንዳለ ደግፎ ወደ ሐኪም።

ነስር ከቦርሳው ብዙም አይፈልግም። ተቀምጦ ወደ ፊት ማዘንበል፣ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆንጥጦ መያዝ፣ በአፍ መተንፈስ። ጭንቅላትን ወደ ኋላ መጣል ደሙን ወደ ጉሮሮ ይልከዋል።

ለጭንቅላት ግጭት ምንም ዕቃ የለኝም፤ ያለኝ አንድ ካርድ ነው። በትልልቅ ፊደል የጻፍኩበት ይህ ነው፦ ግራ መጋባት፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ እየጨመረ የሚሄድ ራስ ምታት፣ መጠናቸው የተለያየ የዓይን ብሌኖች፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ወዲያውኑ ሆስፒታል። ባይታይም እንኳ ግጭቱ ካፈዘዘው ያ ሰው በዚያ ቀን ወደ ጨዋታ አይመለስም። ጨዋታ በጋለበት ሰዓት "ደህና ነኝ፣ ልግባ" የሚልን ጓደኛ በቃል ማስቆም ይከብዳል። ካርዱን አውጥቶ ማሳየት ይቀላል።

መድኃኒቱ ጥቂት ነው። ፓራሲታሞል፣ የአለርጂ ክኒን፣ የኦ.አር.ኤስ (በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የፈሳሽ መተኪያ ጨው) ፓኬት። ሁሉም በራሳቸው እሽግ፣ ስማቸውና የአገልግሎት ጊዜያቸው በሚነበብበት ሁኔታ። ለሌላ ሰው ከመስጠቴ በፊት አለርጂ እንዳለበትና ሌላ መድኃኒት እንደሚወስድ እጠይቃለሁ። አስፕሪን አልያዝኩም፤ አብረውን ልጆች ይጫወታሉ፣ አስፕሪን ደግሞ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። የአስም ኢንሄለር ወይም ለከባድ አለርጂ የሚወጋ የአድሬናሊን መርፌ የታዘዘለት ሰው ግን የራሱን ይዞ መምጣት አለበት። ይህን ከጨዋታው በፊት ተነጋግረን ጨርሰናል።

አደራደሩ ላይ ረጅም ጊዜ ወስጃለሁ፣ አይቆጨኝም። በዕቃ ዓይነት ሳይሆን በጉዳት ከፋፈልኩት። ለደም የሚያስፈልገው በአንድ ግልጽ ላስቲክ፣ ለወለምታና ለጣት የሚያስፈልገው በሌላ፣ ለንድፊያና ለእሾህ በሌላ። ጓንት ከሁሉም በላይ ነው። ናይትራይል ከሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠራውን የመረጥኩት ላቴክስ፣ ማለትም የተፈጥሮ ጎማ፣ አለርጂ የሚሆንባቸው ሰዎች ስላሉ ነው። ከዚያ አንዱን ጓደኛዬን፣ ምንም ሳልነግረው፣ "ጉልበቴ እየደማ ነው፣ ጎዝ አውጣልኝ" አልኩት። ሲፈልግ አየሁት፣ የዘገየበትን ቦታ አስተካከልኩ። እናንተም ሞክሩት። የምትጎዱት እናንተ ከሆናችሁ ቦርሳውን የሚከፍተው ሌላ ሰው ነውና።

አሁን ቦርሳው የሚቀመጠው ከውኃው ጋር፣ ጥላ ሥር ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አልተወውም፣ ሙቀት ክኒኑንም የፕላስተሩንም ሙጫ ያበላሻል። ከጨዋታ ስመለስ ጫማዬን ሳላጥብ በፊት የጎደለውን እተካለሁ።