መልስ የተቀበለ እጅ

ደሴ ፒያሳ፣ ካርድ መሸጫ ፊት። መስማት የተሳነው ወጣት ጓደኛው በምልክት የነገረውን ባለ 10 አሃዝ ስልክ ቁጥር ይዞ፣ ቀኝ እጁ ከጭኑ አጠገብ ቀስ እያለ ይደግመዋል። ሻጩ መልስ ዘረጋለት። በዚያው እጅ ተቀበለ፤ ቁጥሩ ጠፋ።

እኛ ቁጥር በልባችን እየደገምን ሰው ወሬ ሲጀምርብን እንደሚሆነው ነው። በምልክት የሚደጋግምን ሰው የሚረብሸው ወሬ ሳይሆን የእጅ ሥራ ነው፤ የእጅ ቅርጻቸው የሚመሳሰል ምልክቶችም ይምታቱበታል።

በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው በቅደም ተከተል ሲጠየቁ ተናጋሪዎች 7 ያህል ነገር፣ የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ ተጠቃሚዎች 5 ያህል ይይዛሉ። ቅደም ተከተሉ ሲቀር ግን ልዩነቱ የለም። (ስለዚህ በቁጥር ፈተና ብቻ መስማት የተሳነውን ሰው «ይረሳል» አትበሉ!)

ስልክ ቁጥር ስትነግሩት መጀመሪያ 4ቱን አሃዝ፣ ከዚያ ሁለት ሁለቱን። ጽፎ እስኪጨርስ መልሱን ባንኮኒው ላይ አስቀምጡለት።