ከጀርባ የቆመው ሞንታርቦ

ሥራዬ ሞንታርቦ ማከራየት ነው። ሠርግ፣ ምርቃት፣ ልደት፣ አልፎ አልፎ ስብሰባ። ስብሰባ ብዙም አልወድም። ሠርግ ላይ ድምፁ ቢበላሽ ዘፈን ትለቃለህ፣ ሰው ይጨፍራል፣ ይረሳል። ስብሰባ ላይ ግን አንዴ ሲጥ ካለ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አንተን ያይሃል።

ይሄኛው ለገጣፎ ነው የሆነው። አንድ የፓርቲ ቅርንጫፍ ለአባላቱ ምሳ አዘጋጅቷል። ሰማንያ ሰው ገደማ። አዳራሹ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ። እሑድ ነው፣ ጾም የለም። ቡፌው ለሁለት ተከፍሎ በግራ የክርስቲያን፣ በቀኝ የሙስሊም የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።

ተናጋሪው የቀድሞ ፖለቲከኛ ናቸው። በ1997 ምርጫ ተቃዋሚ ሆነው ተወዳድረው አሸነፉ። ያኔ ምክር ቤት “እንግባ፣ አንግባ” የሚባለው ክርክር አገሩን ሲያምስ እሳቸው ገቡ። አንድ ዘመን ተቀምጠው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ፖለቲካ ውስጥ የሉም። ስማቸውን አልጠራም።

ከሰዓታቸው አንድ ሰዓት ቀድመው ደረሱ። የክብር እንግዳ ቀድሞ ሲመጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ግራጫ ኮት ለብሰው ከዘራ ይዘዋል። ማንንም ሳያናግሩ ቀጥ ብለው ሄደው መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

“እስቲ ተናገር” አሉኝ ከዚያ ሆነው።

“ቼክ፣ ቼክ፣ ዋን ቱ...”

“ቼክ አይደለም። ሰው እንደሚያወራው አውራ።”

ምን እንደማወራ ጠፋኝ። ስለ ቡፌው የሆነ ነገር ቀባጠርኩ። ተነስተው ወደ መድረኩ መጡና በከዘራቸው ጠቆሙ።

“ልጄ፣ ይሄ ሞንታርቦ ከጀርባዬ ምን ይሠራል?”

“ጋሼ፣ አያስቡ። አስተካክለዋለሁ።”

“አስተካክለዋለሁ” ማለት በእኛ ሙያ “እግዜር ያውቃል” ማለት ነው። እውነቱን ልናገር። ሶኬቱ ያለው ከመድረኩ ጀርባ ነበር። ረጅሙን ኤክስቴንሽን ጠዋት ሲኤምሲ ሠርግ ላለበት ጓደኛዬ አውሼዋለሁ። ያለኝ ኬብል ወደ ፊት አይደርስም። ስለዚህ ሁለቱንም ሞንታርቦ ከተናጋሪው ኋላ አቆምኳቸው። ለሰብሳቢው ደግሞ “ባነሩን እንዳይሸፍን ብዬ ነው” አልኩት። አመሰገነኝ እንኳን።

ነገሩ የገባው ይገባዋል። ማይክ ፊት፣ ሞንታርቦ ኋላ ከሆነ፣ ከሞንታርቦው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ማይኩ ደግሞ መልሶ ለሞንታርቦው ይሰጠዋል። ዞሮ ዞሮ ፉጨት ይሆናል። ፊድባክ የምንለው እሱን ነው። ተናጋሪው ድምፁ ለስላሳ ከሆነ ቮልዩም ትጨምራለህ፣ በጨመርክ ቁጥር ይብሳል። እሳቸው ደግሞ ሲናገሩ እንደ ንስሐ አባት ነው፣ በቀስታ።

ጀመሩ። “የተከበራችሁ...” ሲጥጥጥ! ሕፃን ልጅ አለቀሰ። ቀነስኩት። ከኋላ “አይሰማም!” ተባለ። ጨመርኩ። ሲጥ! ላቡ በጀርባዬ ይወርዳል፣ እጄ ሚክሰሩ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሦስተኛው ላይ አስተናጋጇ ደንግጣ የወጥ ጭልፋ ጣለች። ሰብሳቢው ከሩቅ በዓይኑ በላኝ።

ጋሼ ማይኩን አዩት። ማጥፊያውን በአውራ ጣታቸው ገፉና ጠረጴዛው ላይ አስተኙት። ከመድረክ ወርደው አዳራሹ መሀል ሄዱ።

“ከኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ?” ያ የንስሐ አባት ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። ቆርቆሮው ነው የመለሰው።

“እንሰማለን!”

“ሕጉ አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመሥረት 10,000 መሥራች አባላት ያስፈልጋሉ ይላል። እኛ ሰማንያኛው ወንበር ላይ ላለው ሰው ማሰማት አቅቶን ነበር” አሉ። ሳቅ ሆነ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ ስለ 1997 አወሩ። ስለ ቴሌቪዥኑ ክርክር፣ ሰው ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ መንገድ ሲሻገር ስለነበረበት ጊዜ። አይሱዙ ላይ ቆመው በሜጋፎን ሲቀሰቅሱ ባትሪው ሲያልቅ በጉሮሯቸው ይጨርሱት እንደነበር። ከ547 ወንበር በአንዱ ተቀምጠው ደግሞ አፈ ጉባኤው ሰዓት አልቋል ካለ አልቋል፣ አራት ነጥብ።

እዚህ ላይ ነው አንድ ሰውዬ ሳህኑን እንደያዘ ብድግ ያለው። ማይክ እየሠራ ቢሆን ኖሮ አይነሳም ነበር፤ ይሄን ሥራ ስሠራ ያየሁት ነው። ማይክ ሲኖር ሰው ተራ ይጠብቃል፣ ተራው ሲደርስ ይተወዋል።

“አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያኔ ለምን ገቡ? አትግቡ ብለን ነበር።”

አዳራሹ ጭጭ አለ። ጋሼ ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

“ስትመርጠኝ ግባ ያልከኝ መስሎኝ።”

ሰው ሳቀ። ሰውዬው ግን አልሳቀም። “እኔ የመረጥኩዎት እንዲያሸንፉ ነው” አለ።

“እሱም እውነትህን ነው” አሉና ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። ሌላው ገባበት፣ ሌላዋም ገባችበት። በየጠረጴዛው ወሬው ደራ። ወጡ ቀዘቀዘ። አሥራ አምስት ደቂቃ የተያዘለት ንግግር ከሰዓት በላይ ሄደ። እኔ ጠፍቶ የተኛ ማይክ እየጠበቅሁ ተጎልቻለሁ።

ዕቃ ስጭን ሰብሳቢው መጣ። “አንድ ሺህ ብር እቀንሳለሁ” አለኝ። ምን አፍ አለኝና እከራከራለሁ? ጋሼ በበር ሲወጡ ሰሙ።

“ሙሉውን ክፈለው” አሉት። “ሃያ ዓመት ሙሉ ሳልጮህ ኖሬ ዛሬ አስጮኸኝ።”

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ባነሩንም ሶኬቱንም አይተው ኖሯል።

“አንተ ግን ኤክስቴንሽን ግዛ” አሉኝና መገናኛ የሚል ታክሲ ጋቢና ውስጥ ገቡ።