የመጽሔቱ አሮጌ ፋይሎች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ ማተሚያ ቤት የገጽ ቅንብር ስሠራ፣ ለረጅም ዓመታት የቆየ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ተማሪ አዘጋጆች ከቀደሙ እትሞች የተመረጡ ግጥሞችን ለማሳተም መጡ። ዋና አዘጋጇ «ጋሼ፣ ሁሉም ተተይቧል፤ የቀረው ማተም ብቻ ነው» አለችኝ።

ፋይሎቹ ሲከፈቱ ግን በግጥም ፈንታ የተዘበራረቁ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ወጡ። የግዕዝ ፊደል ለየቋንቋው ፊደላት በኮምፒውተር አንድ ወጥ ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም፣ ማተሚያ ቤቶቻችን ከዚያም በኋላ ለዓመታት የእኛን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ በሚያስቀምጡት የቀድሞ ፎንቶች ሲሠሩ ቆይተዋል። አንዱ ፎንት ከ256 በላይ ምልክት ስለማይዝ፣ ከ200 የሚበልጡትን ፊደሎቻችንን ከቁጥርና ከሥርዓተ ነጥብ ጋር ለማስገባት አንዳንዱ አምራች ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት ይከፋፍለው ነበር። ፎንቱን ፈልጎ መጫን ጽሑፉን ያስነብባል፤ ወደ ዩኒኮድ ሲለወጥ ግን አንዳንዱ ፊደል በሌላ ይተካል፣ አንዳንዱም ጨርሶ ይጠፋል።

ለማመሳከር የታተመውን ቅጂ ብጠይቅ የተሟላ ስብስብ የያዘ ክፍል አልተገኘም። ኃላፊዎቹ በተመረቁ ቁጥር ሰነዱም አብሯቸው ይሄዳል፤ መጽሔቱ ለኅትመቱ በጀት የሚመድብለት እንጂ ሰነዱን የሚጠብቅለት አልነበረውም።

ያዳነን የግጥሙ ምጣኔ ነው። አብዛኞቹ በወል ቤት የተጻፉ በመሆናቸው እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም (በንባብ የሚቆጠር ድምፅ) ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፈላል፤ አንድ ቀለም ሲጎድል ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል፣ የጠፋው የመጨረሻ ፊደል ደግሞ ከተከታዩ ስንኝ ቤት መምቻ ይገኛል። አዘጋጇ ጮክ ብላ እያነበበች በጣቷ ትቆጥራለች፣ እኔ አርማለሁ። እንደ «ብ» ያለው ሳድስ ፊደል አንዳንዴ በንባብ ስለሚዋጥ በቆጠራው መከራከራችን አልቀረም፤ ስድ ንባብ ቢሆን ኖሮ ግን ይህም መንገድ ባልኖረን ነበር። ሁለት የተለያዩ ቃላትን እኩል የሚቀበል ስንኝ ሲያጋጥምና ገጣሚውም በስልክ ሳይገኝ ሲቀር፣ በግምት ከምንሞላው ግጥሙ ከእትሙ ይውጣ አልኩ። ቅር ቢላትም ተስማማች።

በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋና ያልተከፈለው ገንዘብ ተመላሽ ስለሚሆን፣ ኅትመቱ በጥድፊያ አለቀ። በርክክቡ ቅጽ ላይ ግን የዩኒኮድ ፋይሉና ጥቂት የታተሙ ቅጂዎች በቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ እንዲገቡ የሚል መስመር አስጨመርኩ፤ የመጽሔቱ አማካሪ መምህርም ሳያቅማሙ ፈረሙበት።