«ሆድህን አሳየኝ»

እሁድ እሁድ ከሰዓት አስር ሰዓት ሲሆን ስልኬ ይጮኻል። ወንድም ጋሼ ነው፣ ከሚኒሶታ። እነሱ ጋ ገና ጠዋት ነው። እኔና እማዬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ በረንዳችን ላይ ሆነን እንጠብቀዋለን። እማዬ «ልብህ እንዴት ናት?» ትለዋለች። እኔ ደግሞ «ሆድህን አሳየኝ» እለዋለሁ።

ልቡ ደክማ ደም መርጨት ሲያቅታት ሐኪሞቹ ፓምፕ ገጠሙለት። ፓምፑ ከግራው የልብ ክፍል ደም እየሳበ ወደ ትልቁ የደም ሥር ይገፋል። ኃይል የሚያገኘው ግን ከውጭ ነው። ስለዚህ ሆዱ ላይ ቆዳውን በስቶ የሚወጣ ሽቦ አለ። ሽቦው ወገቡ ላይ ካለው መቆጣጠሪያና ሁልጊዜ ከሚሸከማቸው ሁለት ባትሪዎች ጋር ይገናኛል። እኔ የምፈራው ያቺን ሽቦው የሚወጣባትን ቀዳዳ ነው።

አምና ሽቦው የበር እጀታ ላይ ተጠልፎ ተጎተተበት። «ምንም አይደል» ብሎ ለማንም ሳይናገር ቀረ። በሳምንቱ በቪዲዮ ሲያሳየኝ የፋሻው ጠርዝ ቢጫ ሆኗል፣ ዙሪያው ቀልቷል። «ላብ ነው» አለኝ። አመንኩት። ድሬ ላደገ ሰው ላብ ምን ይገርማል? እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ነው።

ከአራት ቀን በኋላ አተኮሰው። ባክቴሪያው ደሙ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሆስፒታል ተኝቶ እያወራን ሳለ፣ ቀኝ እጁ ላይ የነበረው ማንኪያ ወደቀ። «እማዬን...» አለና ቃሉ ጠፋው። የአፉ አንድ ወገን ተንሻፈፈ። ባለቤቱ ነርስ ስትጣራ በስልኩ ይሰማኛል።

ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር። እኔ እስከዚያ ቀን ኢንፌክሽን ሌላ፣ ስትሮክ ሌላ ይመስለኝ ነበር። ለካ ይገናኛሉ። ደም ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ደሙን ለመርጋት ያመቻቸዋል፣ የአንጎል ደም ሥሮችንም ይጎዳል። በዚያ ላይ ፓምፑ ውስጥ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን ይወስዳል። የተጎዳ ሥር ከፈነዳ ደሙ ቶሎ አይቆምም። ሐኪሞቹ መድኃኒቱን ቢያቆሙ ፓምፑ ላይ ደም ሊረጋ ነው፣ ቢቀጥሉ መፍሰሱ ሊብስ ነው። እነዚያ ቀናት ለኛ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረባቸውም።

ፓምፖቹም እኩል አይደሉም። ሜድትሮኒክ የተባለው ኩባንያ ኤችቫድ የሚባለውን ፓምፕ በፈረንጆቹ 2021 መሸጥ ያቆመው ስትሮክና ሞት ከሌላው ፓምፕ በልጦ ስለታየበት ጭምር ነው። የወንድሜ ሃርትሜት 3 ነው፤ ደም የመርጋት ችግሩ ያነሰ ነው ይባልለታል። ቀዳዳዋ ግን እሱም ጋ አለች።

አሁን ሽቦው እንዳይጎተት ቆዳው ላይ በማጣበቂያ ተይዟል። ባለቤቱ ማስክና ጓንት አድርጋ ፋሻውን ትቀይርለታለች። የደሙ ቅጥነት፣ አይኤንአር የሚሉት፣ ከ2 እስከ 3 እንዲሆን በየጊዜው ይለካል። ደም ግፊቱንም ይከታተላሉ፤ ግፊት ከፍ ካለ ስትሮክ ይጠራል። ጎመን የዋርፋሪንን ሥራ ስለሚቀንስ እማዬ ክልክል መስሏት ተጨንቃ ነበር። ክልክል አይደለም። ዛሬ ትሪ ሙሉ፣ ነገ ምንም እንዳይሆን ነው የነገሩት።

ውጭ አገር እንዲህ ያለ ዘመድ ያላችሁ፣ እባካችሁ ሽቦው የሚወጣበትን ቦታ አሳየኝ በሉት። ከቀላ፣ ፈሳሽ ካለው ወይም ካመመው በዚያው ቀን ለሐኪሞቹ ይደውል። ላብ ነው ቢላችሁም።

ባለፈው እሁድ ሸሚዙን ገለጠልኝ። ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ አየሁ።

«ደረቅ ነው አይደል?» አለኝ።

ደረቅ ነው። ስልኩን ለእማዬ ሰጠኋት።