ውድድሩን እንተወው ከማለታችን በፊት

ቀኑ ኖቬምበር 21 ቀን 1973 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ቦታው የቺሊ ዋና ከተማ ሳንቲያጎ፣ ብሔራዊ ስታዲየም። የቺሊ ተጫዋቾች መለያቸውን ለብሰው ሜዳ ገቡ። ተጋጣሚ የለም። ዳኛው ፊሽካ ነፋ፣ ኳሷን እየተቀባበሉ ወደፊት ሄዱ፣ አምበሉ ፍራንሲስኮ ቫልዴስ በረኛ በሌለበት ጎል ውስጥ አስገባት። በቃ፣ አለቀ። ቺሊ ለ1974ቱ የዓለም ዋንጫ አለፈች።

ያልመጣችው ሶቪየት ኅብረት ነበረች። የመጀመሪያውን ጨዋታ ሞስኮ ላይ 0 ለ 0 ወጥተዋል፣ መልሱ ሳንቲያጎ ነው። ግን በሴፕቴምበር 11 ጄኔራል ፒኖቼ መንግሥት ገልብጦ ነበር፣ ስታዲየሙም እስር ቤት ሆኖ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታጉረውበታል፣ ተገርፈውበታል፣ ተገድለውበታል። ሶቪየቶች በገለልተኛ ሜዳ እንጫወት አሉ። ፊፋ ልዑካን ልኮ ሜዳውን አስጎበኘና ችግር የለም አለ። ከሞት የተረፉ እስረኞች በኋላ እንደተናገሩት፣ ልዑካኑ ሣሩን ሲመለከቱ እነሱ ከመቀመጫዎቹ ሥር ባሉ ክፍሎች ተደብቀው ነበር። ሶቪየቶች አንሄድም ብለው ቀሩ፣ በፎርፌ ተሸነፉ፣ ከዓለም ዋንጫውም ወጡ።

ይህን ታሪክ ካወቅሁ ጀምሮ፣ አንድ አገር በሰብአዊ መብት ምክንያት ከውድድር ይቅር ወይስ ይሂድ የሚል ክርክር በሰማሁ ቁጥር ያ ባዶ ጎል ይመጣብኛል። ምክንያቱም ነገሩን ያወሳስብብኛል። መቅረታቸው ምን ለወጠ ካላችሁኝ ምንም አልለወጠም። ፒኖቼ ከሥልጣን የወረደው በ1990 ነው። ደግሞ ሶቪየት ራሷ ተቃዋሚዎቿን የምታስር አገር ነበረች፣ ያ አይጠፋኝም። ሆኖም ሰው በተገረፈበት ሣር ላይ ኳስ አልጫወትም ማለት ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። አንዳንዴ የሚጠየቀው ጥያቄ «ይሠራል ወይ?» ሳይሆን «እዚያ መቆም እችላለሁ ወይ?» ነው። ሁለቱን ስንቀላቅላቸው ነው ክርክሩ የትም የማይደርሰው።

«ስፖርትና ፖለቲካ አይገናኙም» የሚለውን ብዙ አልከራከርበትም። ባንዲራ ይሰቀላል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ መሪዎች ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። ሂትለር በ1936 በርሊን ላይ ያንን ሁሉ ያዘጋጀው ሩጫ ስለሚወድ አልነበረም።

ቦይኮት (በተቃውሞ ከውድድር መቅረት ወይም ሌላውን አላጫውትም ማለት) ሠርቷል ሲባል ሁሉም የሚጠራው ደቡብ አፍሪካን ነው። ልክ ነው፣ ሠርቷል። ግን ለምን እንደሠራ ብዙ ጊዜ አይነገርም፣ እኔ ደግሞ ቁም ነገሩ እሱ ላይ ነው ባይ ነኝ። በመጀመሪያ፣ እዚያ በደሉ ከስታዲየም ውጪ ያለ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ብሔራዊ ቡድኑ ራሱ የሚመረጠው በቆዳ ቀለም ነበር። በ1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ ደቡብ አፍሪካ ነበረች፣ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከኢትዮጵያ ጋር። ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ግን ወይ የነጭ ወይ የጥቁር ቡድን እልካለሁ እንጂ የተቀላቀለ አልልክም አለች። እንግዲያው ቅሪ ተባለች። ውድድሩ ካርቱም ላይ በሦስት አገሮች ብቻ ተካሄደ። ገና ሲወለድ አንድ አራተኛውን የቆረጠ ድርጅት አስቡት! ኋላ ላይ ካፍን ከ1972 እስከ 1987 የመሩት ይድነቃቸው ተሰማም በዚህ ጉዳይ ወደኋላ ብለው አያውቁም። ደቡብ አፍሪካ በ1964 ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ታገደች፣ በ1970 ከኦሊምፒክ ቤተሰብ ጭራሽ ተባረረች።

ከዚህ የሚበልጠው ነገር ግን ጥያቄው የመጣው ከራሳቸው ከደቡብ አፍሪካውያን መሆኑ ነው። ገጣሚው ዴኒስ ብሩተስ የዘር መድልዎን ከስፖርት ለማስወጣት ሲታገል ታሰረ፣ ሊያመልጥ ሲል በጥይት ተመታ፣ ከዚያ ሮበን ደሴት እስር ቤት ተላከ። ከተሰደደ በኋላም ያንኑ ነው የቀጠለው፣ አታጫውቷቸው እያለ። አገር ውስጥ የቀሩት ደግሞ፣ ራሳቸው መጫወት የሚፈልጉና ዕድሜያቸው እያለፈ ያለ ጥቁር ስፖርተኞች፣ «ጤነኛ ባልሆነ ማኅበረሰብ ውስጥ ጤነኛ ስፖርት የለም» ይሉ ነበር። ዋጋውን ቀድመው የከፈሉት እነሱ ናቸው። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባል የለ፣ እዚህ ባለቤቱ ጮኋል።

በ1976 የሆነውን በዚህ ዓይን ነው የማየው። በደቡብ አፍሪካዋ ሶዌቶ ተማሪዎች በጥይት ከተገደሉ ሳምንታት እንኳ በቅጡ ሳይቆጠሩ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ገብቶ መጫወት ጀመረ። የአፍሪካ አገሮች ኒውዚላንድ ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ትውጣ አሉ። የኦሊምፒክ ኮሚቴው ራግቢ የኦሊምፒክ ስፖርት አይደለም ብሎ እምቢ አለ። ወደ ሠላሳ የሚጠጉ አገሮች፣ አብዛኞቹ አፍሪካውያን፣ ጥለው ወጡ። አንዳንዶቹ አትሌቶች ውድድር ጀምረው ነበር። የታንዛኒያው ፊልበርት ባዪና የኒውዚላንዱ ጆን ዎከር በ1500 ሜትር ሲገናኙ ለማየት ዓለም ሁሉ ይጠብቅ ነበር፤ ዎከር ባዪ በሌለበት ሮጦ ወርቁን ወሰደ። የእኛው ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠርም ሞንትሪያል ላይ አልሮጠም። አራት ዓመት ጠብቆ በ1980 ሞስኮ ላይ 5 ሺህንም 10 ሺህንም አሸነፈ። እሱ እንኳ ዕድል ቀናው፣ ብዙዎቹ ግን ሁለተኛ ዕድል አላገኙም።

ያም ሆኖ የ1976ቱን መቅረት እቀበለዋለሁ። ያማል፣ ግን እቀበለዋለሁ። በሚቀጥለው ዓመት የኮመንዌልዝ መሪዎች ከደቡብ አፍሪካ ጋር የሚደረግን የስፖርት ግንኙነት ላለማበረታታት ስምምነት ፈረሙ። በ1981 የደቡብ አፍሪካ ራግቢ ቡድን ኒውዚላንድ ሲሄድ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኒውዚላንዳውያን ራሳቸው ሃሚልተን ከተማ ላይ ሜዳው መሃል ገብተው ጨዋታውን አሰረዙት። ከአምስት ዓመት በፊት የአፍሪካ አትሌቶች የከፈሉት ዋጋ እዚያ ሰው ልብ ውስጥ የሆነ ነገር አስቀምጦ ነበር ብዬ አስባለሁ። በ1992 ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉና ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየር ከ10 ሺህ ሜትሩ በኋላ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ ያየ ሰው፣ ያ ዙር ከ1957 ጀምሮ በእምቢታ የተገዛ እንደነበር ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

አሁን ሌላውን ዓይነት ቦይኮት እንይ፣ እኔን የሚያናድደኝን።

በ1980 አሜሪካ ሶቪየት አፍጋኒስታንን ወረረች ብላ ከሞስኮ ኦሊምፒክ ቀረች፣ ብዙ አገሮችንም አስከተለች። ፕሬዚዳንት ካርተር በዚያው ሰሞን ለሶቪየት የሚሸጠውን እህልም አግደው ነበር። የእህሉን እገዳ ተተኪያቸው ሬገን በኤፕሪል 1981 አነሱት፣ ገበሬዎች ስለተጎዱ። ለአትሌቶቹ ግን ኦሊምፒካቸውን የመለሰላቸው የለም። ቀዛፊዋ አኒታ ዴፍራንትዝና ጓደኞቿ እንሂድ ብለው ፍርድ ቤት ድረስ ቢሄዱም ተፈረደባቸው። የሶቪየት ጦር ከአፍጋኒስታን የወጣው በ1989 ነው፣ የወጣውም በኦሊምፒክ ምክንያት አይደለም። በ1984 ሶቪየትና ወዳጆቿ በተራቸው ከሎስ አንጀለስ ቀሩ። ኢትዮጵያም አብራ ቀረች። በ1988 ደግሞ ሰሜን ኮሪያን ደግፈን ከሴኡል ቀረን።

የ1988ቱ እስካሁን ይቆረቁረኛል። በዚያው ዓመት በኤፕሪል በላይነህ ዲንሳሞ ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር። ያንን ክብረ ወሰን ለአሥር ዓመት ማንም አልነካውም። የዓለም ፈጣኑ የማራቶን ሯጭ፣ በሕይወቱ ምርጥ ዓመት፣ ኦሊምፒክ ሳይሮጥ ቀረ። ለማን ሲባል? የትኛው የተበደለ ሰው ጠየቀን? የትኛው እስረኛ ተፈታ? 1976ትና 1988ትን «ቦይኮት» በሚል አንድ ቃል መጥራት ራሱ ይከብደኛል። በአንዱ ሰው ስለ ሰው ብሎ ቀረ፣ በሌላው መንግሥት ለመንግሥት ውለታ ዋለ።

ስለዚህ አንድ አገር ከውድድር እንቅር ሲል መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን ጠየቀ?» የሚለውን ነው። በደሉ የደረሰባቸው ሰዎች ራሳቸው ምን ይላሉ? በ2022ቱ የኳታር የዓለም ዋንጫ ጊዜ ይህ ጥያቄ ብዙም አልተሰማም። አውሮፓ ውስጥ እንቅር የሚል ጩኸት በዝቶ፣ የኖርዌይ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ጉባኤ ጠርቶ ድምፅ እስከመስጠት ደርሶ ነበር (አንቀርም የሚለው አሸነፈ)። ስታዲየሞቹን ስለገነቡት ስደተኛ ሠራተኞች ሲባል ነው። የሰብአዊ መብት ድርጅቶቹ ግን አጥብቀው የጠየቁት ሌላ ነገር ነበር፤ ፊፋ ቢያንስ 440 ሚሊዮን ዶላር መድቦ የተጎዱትን ሠራተኞችና የሟች ቤተሰቦችን ይካስ አሉ። ይህ ገንዘብ ለቡድኖቹ ከተመደበው ሽልማት ጋር እኩል ነው። አባቱን ወይም ባሏን ላጣ ቤተሰብ የትኛው ይጠቅማል፣ አንድ ቡድን መቅረቱ ወይስ ካሳው? እኔ ካሳው እላለሁ። ያ ካሳ ግን አልተከፈለም፣ እኛም ፍጻሜው አስደናቂ ስለነበር ረሳነው። እኔንም ጨምሮ።

«ዲፕሎማሲያዊ ቦይኮት» የሚባለው ደግሞ አለ። በ2022 የቤጂንግ የክረምት ኦሊምፒክ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳና አውስትራሊያ በቻይናዋ ዢንጂያንግ ግዛት በሚኖሩ ሙስሊም ኡይጉሮች ላይ ስለሚደርሰው በደል ብለው ባለሥልጣን አንልክም አሉ፣ አትሌቶቹ ሄዱ። ቢያንስ ዕዳውን አትሌቱ ላይ አልጫኑም። ግን ንግዱ እንደቀጠለ ወንበር ባዶ ማድረግ ብቻውን የትም አያደርስም።

በቅርቡ ካየኋቸው ሁሉ ልቤን የነካው የፖላንድ ነው። ሩሲያ በፌብሩዋሪ 2022 ዩክሬንን ስትወር ፖላንድ ከወር በኋላ ሞስኮ ላይ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነበረባት። ፌዴሬሽኑም ተጫዋቾቹም አንጫወትም አሉ። ፊፋ መጀመሪያ ሩሲያ ባንዲራዋንና ስሟን ትታ በገለልተኛ ሜዳ ትጫወት የሚል ሐሳብ አመጣ። ፖላንድ አሁንም እምቢ፣ ስዊድንና ቼክም እምቢ። በማግስቱ ፊፋና የአውሮፓው ዩኤፋ ሩሲያን አገዱ። ሳንቲያጎን አስታውሱ። ያኔም አንድ የማጣሪያ ጨዋታ ነው፣ ያኔም አንጫወትም የሚል ቡድን ነበር። ልዩነቱ ያኔ ሌላ ቡድን እኛም አንጫወትም ብሎ አለመቆሙ ነው። ከ1974ቱ የዓለም ዋንጫ አዘጋጅ ከምዕራብ ጀርመን ጀምሮ ሁለት ሦስት ቡድን እኛም አንጫወትም ቢል ፊፋ ያንን ሣር እንደገና ሄዶ ያየው ነበር።

ለዚህም ነው ጊዜው የሚያሳስበኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆንብን። ኳታር የተመረጠችው በዲሴምበር 2010 ነው፣ ትልቁ ጩኸት የመጣው ግንባታው ብዙ ከሄደ በኋላ። የ2034ቱ ዓለም ዋንጫ በዲሴምበር 2024 ያለ ምንም ተፎካካሪ ለሳውዲ አረቢያ ሲሰጥ ፌዴሬሽኖቹ በጭብጨባ ነው ያጸደቁት። ድምፅ ያላቸው እነሱ ናቸው፣ እጃቸውን ማንሳት የሚችሉትም ያኔ ነበር። በ2034 አንድ የ22 ዓመት ልጅ «ለምን ሄድክ?» ተብሎ ሲጠየቅ ከማየት፣ ዛሬ የፌዴሬሽን ሰዎችን ስለ ሠራተኞቹ ውል፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ካሳው መጠየቅ ይሻላል። ገና ብዙ የሚገነባ ስታዲየም አለ።

የሄደ ሰው ሁሉ ዝም አለ ማለትም አይደለም። ፈይሳ ሌሊሳ በ2016 ሪዮ ላይ ማራቶኑን ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ እጆቹን ከጭንቅላቱ በላይ አጣምሮ ነው የገባው። ቢቀር ኖሮ ማን ያየው ነበር? ያቺን ምልክት ያሳየው ወደ አገሩ መመለስ እንደሚከብደው እያወቀ ነው። የኦሊምፒክ ደንቡ ግን ዛሬም በመወዳደሪያ ቦታና በሜዳሊያ ሥነ ሥርዓት ላይ እንዲህ ያለውን ተቃውሞ ይከለክላል። ሂዱ ተወዳደሩ ብሎ መላክ፣ እዚያ ስትደርሱ አፋችሁን ዝጉ ማለት፣ ይህ ነው መጀመሪያ መቀየር ያለበት።

ያን ቀን ሳንቲያጎ ላይ ኳሷን ወደ ባዶው ጎል ከገፉት ተጫዋቾች አንዱ ካርሎስ ካዜሊ ነበር። ፒኖቼን የሚቃወም ሰው ነው፣ ግን ሜዳ ገብቷል፣ ተጫውቷል። እናቱን የፒኖቼ ሰዎች ይዘው አሠቃይተዋቸዋል። በ1988 ፒኖቼ ይቀጥል ወይስ ይውረድ የሚል ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ በተቃዋሚዎቹ የቴሌቪዥን ቅስቀሳ ላይ አንዲት ሴት ቀርበው የደረሰባቸውን ግፍ ተናገሩ። ከዚያ ካሜራው ዞር ሲል ከጎናቸው ካዜሊ ተቀምጧል። እኚህ እናቴ ናቸው አለ። በሕዝበ ውሳኔው ከመራጩ ግማሽ በላይ የሚሆነው ለፒኖቼ አይሆንም ብሎ ድምፁን ሰጠ።