ቡሽዋክ እና ዱር ቤቴ

አሜሪካ፣ ካንሳስ ሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። መጋዘን ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ የሚዙሪ ሰው፣ ቅዳሜ ወደ ኦዛርክ ተራሮች ወርጄ ቡሽዋክ አደርጋለሁ፣ ና አብረን እንሂድ አለኝ። እሺ አልኩት። ማታ ቃሉን ስልኬ ላይ ፈለግኩት። መጀመሪያ የወጣልኝ «አድፍጦ ማጥቃት» የሚል ነው። ደነገጥኩ። ሰውየው ጠመንጃ እንዳለው አውቃለሁ። ወረድ ብዬ ሳይ፣ መንገድ በሌለበት ጥሻ እየጣሱ መሄድም ቡሽዋክ ይባላል። እፎይ አልኩ።

ቅዳሜ ሄድን። በእጁ የያዘው ዱላ ብቻ ነው። ጥቂት እንደሄድን እሾሃም ሐረግ ሱሪዬን ይዞ አልለቅ አለ። አትጎትት አለኝና ጎንበስ ብሎ፣ ሐረጉን በመጣበት በኩል ገፋ አድርጎ አላቀቀኝ። ልጅ ሆኜ ቀጋ ሲይዘኝ አያቴ እንዲህ ነበር የሚያደርገው።

ድንጋይ ላይ አረፍ ስንል ስለ መጀመሪያው ፍቺ ጠየቅኩት። ፊቱ ተለወጠ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ለደቡቦቹ ወግነው ሚዙሪ ጫካ ውስጥ የሸመቁት ናቸው ቡሽዋከር የተባሉት። በፈረንጆቹ ነሐሴ 21 ቀን 1863 ኳንትሪል በሚባል አለቃቸው መሪነት፣ ጎረቤት ክፍለ ግዛት ካንሳስ ውስጥ ሎውረንስ ከተማን ሌሊት ተጉዘው ማለዳ ላይ ወረሩ። ወደ 150 የሚሆኑ ወንዶችና ልጆች ገደሉ። ከአራት ቀን በኋላ የሰሜኑ ጄኔራል ዩዊንግ፣ በድንበሩ ያሉ የሚዙሪ ገጠሮች ነዋሪ ቤቱን ለቆ እንዲወጣ አዘዘ። ሽምቅ ተዋጊውን የሚያበላው እንዳይኖር ነው። ከተነቀሉት መካከል የሰውየው ቅድመ አያቶች ነበሩበት። «ቤታቸው ተቃጠለ» አለኝ። «ግን ሎውረንስ የገቡትም ጎረቤቶቻቸው ነበሩ።»

እኔ ያደግኩት ሌላ ታሪክ እየሰማሁ ነው። አያቴ በጣሊያን ጊዜ ዱር ቤቴ ብሎ ጫካ የገባ ሰው ነው። እሱም አድፍጧል፣ እሱም ተኩሷል። ግን አገሩን የወረረ ጦር ላይ ነው። ጥሻው አንድ ዓይነት ቢሆንም፣ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ለእኔ ትልቅ በደል ነው።

ቤት ስገባ ይህን ሁሉ ለልጄ አወራኋት። አሥር ዓመቷ ነው። «ታዲያ የአንተ አያት ቡሽዋከር ነበር?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። ምን እንደነበር በእንግሊዝኛ ልነግራት ሞከርኩ፣ ቃል አጣሁ። አጠገቤ አስቀምጬ «ዱር ቤቴ» በይ አልኳት። ሦስት ጊዜ አለች። በሦስተኛው ጥርት አድርጋ።