«በሚቀጥለው ዓመት ይታይ»

ዛሬ ከነጋ ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ሲለው ዋለ። ምክንያቱ የገባኝ ማታ ነው።

እንደምታውቁት ይሄ ሰሞን እንቅልፍ የማጣበት ነው። የጤናው ቢሮ በጀት ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሯል፤ ቁጠባ ፈልጊ ተብያለሁ።

መጀመሪያ ላይ ደስ እያለኝ ነበር የምሠራው። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የሚደራረቡ ስልጠናዎች አሉ አይደል? ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ብቻ የሚጠሩ። ውሎ አበል፣ አዳራሽ፣ መስተንግዶ። እነሱን ስሰርዝ ቅር አላለኝም። የንግድ ስሙ ተጠቅሶ የተጠየቀ የመድኃኒት ግዢም ነበር። ጥራቱ የተረጋገጠ፣ ያንኑ ንጥረ ነገር የያዘ ርካሽ መድኃኒት እያለ! እሱንም መለስኩት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሪፖርት፣ ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ ከ20 እስከ 40 በመቶው ይባክናል ብሎ ገምቷል። ለብራንድ መድኃኒት የሚከፈለው ትርፍ ዋጋ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። የሚቆረጥ ነገር መኖሩን ከልቤ አምናለሁ። ሥራዬን የምወደውም ለዚህ ነው።

ከዚያ «ጥገና» የሚለው መደብ ላይ ደረስኩ።

ከአንዱ ጤና ጣቢያ ጥያቄ ጋር የክትባት ፍሪጅ መመዝገቢያ ቅጽ ተያይዟል። ጠዋትና ማታ እየተነበበ የሚሞላ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን አለበት። የማታው ረድፍ ደህና ነው፤ 4፣ 5፣ 4። የጠዋቱ ግን -2፣ -1፣ -3 ይላል። አንዲት ነርስ በሰማያዊ እስክሪብቶ በእያንዳንዱ ላይ ክብ ሠርታበታለች። ከታች ደግሞ «ቴርሞስታቱ ይቀየርልን። ይህ ሁለተኛ ደብዳቤያችን ነው» ብላለች። የፍሪጁን ቅዝቃዜ የሚቆጣጠረውን ዕቃ ማለቷ ነው።

ሁለተኛ? የመጀመሪያውስ የት ገባ? ያለፈውን ዓመት ፋይል አወጣሁ። አለ። ጥግ ላይ በራሴ እጅ ጽሑፍ «በሚቀጥለው ዓመት ይታይ» ተብሎበታል። ያኔ የሁሉንም ጣቢያ ጥገና በአንድ ቀን ነበር የቀነስኩት። ጥገና ሲቆረጥ የሚጮህ የለም። እንዲያውም ተመስግኜበታለሁ።

ከዚህ በኋላ የቀረውን ፋይል መግለጥ አቃተኝ።

የኩፍኝ ክትባት ደረቅ ዱቄት ስለሆነ በረዶ አይጎዳውም። አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለው ግን አንዴ በረዶ ከሠራ አለቀለት፤ ቢቀልጥም ኃይሉ አይመለስም። ጠርሙሱ ላይ ያለችው ትንሽ ካሬ ሙቀት ሲያገኛት ትጠቁራለች። ስለ ብርዱ ምንም አትናገርም። ስለዚህ ልጁ ይወጋል፣ ያለቅሳል፣ ካርዱ ላይ ቀኑ ይጻፍለታል። እናቱ እፎይ ብላ አቅፋው ትሄዳለች። በወረቀት ተከትቧል።

ይሄ በየትኛው መደብ ይመዘገባል? ሠንጠረዤ ላይ «የተቆጠበ» የሚል ዓምድ አለ። እሱ ውስጥ ያለፈው ዓመት ቴርሞስታት ከነዋጋው ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ዋጋው ከሰረዝኳቸው ስልጠናዎች የአንዱን የአዳራሽ ኪራይ እንኳ አይሞላም።

ጥያቄውን አጽድቄ ፈርሜያለሁ። ሌሎቹንም የጥገና ደብዳቤዎች አንድ በአንድ ላነብ ለይቼ አስቀመጥኳቸው። ነገ ጠዋት ግን ነርሷ ጋ መደወል አለብኝ። ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ያንን ቁጥር እያየች ክትባቶቹን ምን አደረገቻቸው? ጥላቸው ከሆነ የጠፋው ገንዘብ ነው፤ ይተካል። ካልጣለቻቸውስ?